ከቤይሩት የመጣው ቴፕ

ባለፈው ወር ጅማ አንድ የሞባይል መሸጫ ውስጥ ቆሜ፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ስልክ እያገላበጠ «ይሄ ከውጭ የመጣ ነው ወይስ የዚሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከባንኮኒው ሥር ሌላ ስልክ አወጣለት። ሁለቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ምናልባትም በአንድ መርከብ የመጡ። ሰውዬው ግን ሁለተኛውን ስለት የደረሰለት ይመስል በሁለት እጁ ተቀበለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ባየሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። የአባት ትዝታ ፍቅር እንጂ ንቀት የለበትም የሚል ካለ አባዬን አላወቀውም። ከንቀቱ ለራሴም የሚተርፈኝ አለ፣ እደርስበታለሁ።

ደርግ ከወደቀ ዐሥር ዓመት ያህል አልፎት ነበር። እኔ ቦንጋ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አባዬ ደግሞ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ሥራው ፋይል ከመደርደሪያ አውርዶ መልሶ መስቀል ነበር። ቤት ሲገባ ግን አገር ሲመራ የዋለ ይመስል ነበር። ግምገማ በዋሉ ቀን በተለይ አይቀመስም፤ እዚያ ያልተናገረውን ሁሉ እኛ ላይ ይናገረው ነበር። ግራጫ ኮት ነበረው። ጠዋት ከተማዋ ጭጋግ ውስጥ ተሸፍና ሳለች ኮቱን ደርቦ ሲወጣ፣ ከበሩ ሳይርቅ ጭጋጉ ይውጠዋል፤ ሳሉ ብቻ ይሰማናል።

ገበያው አጠገብ የጋሽ ወልዴ ሱቅ ነበር። ጋሽ ወልዴ ከዋጫ የመጣ ሰው ነው፤ ማርና ኮረሪማ ሲነግድ ቆይቶ ቴፕና ሬድዮ መሸጥ ጀመረ። የድሮውንም ሥራ አልተወም፣ የኮረሪማው ጆንያ ከሱቁ ጀርባ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ከሱ የተገዛ ሬድዮ ለአንድ ወር ያህል ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ድረስ ለኔ የዜና ሽታ ነው። ቤታችን የነበረችው ባለ ሦስት ባንድ ሬድዮ ከዚያ የተገዛች ነበረች። አንቴናዋ በሽቦ ታስሮ፣ ባትሪ ድንጋይዋ ፀሐይ ላይ እየተሰጣ፣ ያን ሁሉ ተራራ አልፋ አዲስ አበባንም ሌላውንም ዓለም ታመጣልን ነበር። አባዬ ግን ያፍርባት ነበር። «ማር ሻጭ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ምን ያውቃል?» ይላል። ጋሽ ወልዴ ዕቃው ሁሉ ከዱባይ በመርካቶ በኩል እንደሚመጣ ቢነግረውም አይሰማውም። ለአባዬ አንድ ዕቃ የውጭ የሚሆነው የራስ ዘመድ በአውሮፕላን ይዞት ሲመጣ ብቻ ነበር።

እኛ ልጆቹም አንሻልም ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መጀመሪያ የምትዘለው ዐረብ አገር እህት ያላት ልጅ ነበረች፤ ማን እንደደነገገው አይታወቅም። እኔ ለብዙ ጊዜ መጨረሻ ነበርኩ። ትልቋ እህቴ አስካለ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጣ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የሄደች ሳምንት ግን ተራዬ ወደ ፊት መጣ። እውነቱን ለመናገር እህቴ ከመሄዷ ይልቅ ተራዬ መቅደሙ ነበር ልቤ ውስጥ የገባው።

አስካለ ሁለት ዓመት ሠርታ ልትመለስ፣ ተመልሳም ትምህርቷን ልትቀጥል ነበር የሄደችው። አባዬ ገና ዓመት ሳይሞላት ደብዳቤ አስጻፈኝ። ቤት ውስጥ የኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር የሚያምረው። ባለ ሁለት ካሴት፣ ባለ ትልልቅ ስፒከር፣ ኦርጂናል ቴፕ እንድትልክ አዘዘ። ጋሽ ወልዴ ይህን ሲሰማ መንገድ ላይ አስቁሞት፣ «አቶ ግርማ፣ አጭር ሞገድ ያለው መሆኑን ትጠይቅ። ያለዚያ እዚህ አይሠራም» አለው። አባዬ ቤት ገብቶ ምሳውን እየበላ ሳቀበት። ይባስ ብሎ አሮጌዋን ሬድዮ ማንኪራ ለሚኖረው ለእማዬ ወንድም በስጦታ ሰጠ። አጎቴ ቀፎ የሚሰቅል፣ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅም ሰው ነው። ሬድዮዋን ተሸክሞ ሲሄድ ፊቱ ይበራ ነበር።

ቴፑን ያመጣችው ብርቄ የምትባል፣ እዚያው ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ናት። በጀርባዋ አዝላ፣ ዕቃው እንዳይጋጭ የራሷን ልብስ ጠቅልላበት፣ ከነካርቶኑ አስረከበችን። እውነትም ግዙፍ ነበር። አባዬ ላስቲኩን እንዳንቀድ ከለከለ፤ ከላስቲኩ ላይ ደግሞ እማዬ የሠራችው ዳንቴል ተደረበበት። ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። የሁለት ሰዓት ዜና ሲደርስ አባዬ ቁልፉን ተጫነው። ሽሽሽ አለ። ወዲያ አዞረው፤ ሽሽሽ። ወዲህ አዞረው፤ ያው ነው። ያ ቴፕ ከኤፍ ኤም በቀር ነገሬ የሚለው ሞገድ አልነበረውም፤ ኤፍ ኤም ደግሞ በዚያን ጊዜ ቦንጋ ገና አልደረሰም። አባዬ ላብ ካወጣው በኋላ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ ቴፑ ለሠለጠነ አገር የተሠራ በመሆኑ የኛ አየር እንዳልተስማማው አስረዳ። እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ዘመድ ልጠይቅ እያለ በእግሩ ማንኪራ ይወርድ ጀመር። የሚጠይቀው ሬድዮዋን ነበር፤ አጎቴ ይህን እያወቀ አንድ ቀን እንኳ አላነሳበትም።

ካሴት መቼም ይጫወታል ተባለ። ግን በቤታችን ያሉት ካሴቶች ሁሉ ቅጂ ናቸው፣ አባዬ ደግሞ ቅጂ ካሴት ሄዱን፣ ማለት ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ ይበላዋል ብሎ ከለከለ። ቴፑ ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደለት አንድ ካሴት ብቻ ነበር፤ እሱም አስካለ ዕቃውን ከማሸጓ በፊት በዚያው ቴፕ ድምፅዋን ቀድታ በብርቄ እጅ የላከችልን። አንደኛው ገጽ ሰላምታ ነው፤ የሁላችንንም ስም፣ የጎረቤቱን፣ የላሟን ሳይቀር ታነሳለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምፅዋ ይለወጣል። እመቤቷ በር ቆልፋባት እንደምትወጣ፣ ቀኝ እጇን ካውያ እንዳቃጠላትና ሐኪም ቤት እንዳልወሰዷት ትናገራለች። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ አሠሪዎቿ እንደገና ሊያስፈርሟት እንደሚፈልጉ፣ እሷ ግን መምጣት እንደምትፈልግ ትናገራለች። «አባዬ፣ ነይ ብቻ በለኝ። ነይ ካልከኝ አልፈርምም» ትላለች። ከዚያ ዝም ትልና ትንፋሿ ይሰማል።

ይህን ካሴት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባዬ ይከፍተውና ወደ ኋላ ተደግፎ ይቀመጣል። «ጥራቱን እዩልኝ! ትንፋሿ እንኳ ይሰማል!» ይላል። ቤዙን እንድጨምር እኔን በዓይኑ ይጠቅሰኛል፣ እኔም ሮጬ እጨምራለሁ። ስፒከሩ ሲያጓራ ወለሉ ይነዝራል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «አጠገባችን ያለች እኮ ነው የምትመስለው» እያሉ ያደንቃሉ። እማዬ ሁለተኛው ገጽ ሲጀምር ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። አንድ ቀን «ልጄን ጥራልኝ» አለችው። እሱም መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው፣ ትለምደዋለች አላት። እኔም ትለምደዋለች ብዬ አሰብኩ፤ ሰኞ ማክሰኞ ላይ ገና አንደኛ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ወልዴ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ። አባዬ ሊያበሽቀው ቸኩሎ ወንበር ሰጠውና ከፈተለት። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አለ አባዬ።

«ቴፑ ጥሩ ነው አቶ ግርማ። ልጅቷ ግን እያለቀሰች ነው እኮ። አልሰማችሁም እንዴ?»

አባዬ ሳቁን ለቀቀው፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጋሽ ወልዴ ከወጣ በኋላ ነጋዴ ገበያ ሲቀርበት እንዲህ ነው የሚያደርገው ተብሎ ተደመደመ። በማግስቱ አባዬ መልስ አስጻፈኝ። ቴፑ በሰላም መድረሱን፣ ሰው ሁሉ መመስከሩን፣ አሁን ደግሞ ቀለም ያለው ቴሌቪዥን ብታመጣ ቤቱ እንደሚሟላ፣ ስለዚህ ትንሽ እንድትታገስ ጻፍኩ። ከታች በራሴ ፈቃድ «ለኔም ሰዓት» ብዬ ጨመርኩበት። ነይ የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ አልነበረም። እሷም ፈረመች።

አስካለ ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ከተደረደሩት ጋር ስሙም ቁጥሩም አንድ ነበር። ሰዓቴንም አልረሳችም። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን አልታጠፍ ብለው ሲኒ እንኳ በግራዋ ነበር የምታነሳው። ትምህርት ቤት ብትመለስ ከኔ ጋር አንድ ክፍል ልትቀመጥ ስለሆነ አሻፈረኝ አለች። ራት ቀርቦ ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ «ለመሆኑ ያ ካሴት ደርሷችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

እማዬ፣ አስካለ ትመጣለች በተባለ ዕለት፣ ካሴቱን ከቴፑ አውጥታ ደብቃው ነበር። ዋሽታ የማታውቀው እናቴ ቀና ብላ «የምን ካሴት?» አለች። አባዬ ዓይኑን ከአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ አልነቀለም። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። አስካለ ከልቧ የወጣ ትንፋሽ ተነፈሰችና ፈገግ አለች።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ብትሰሙትማ ኖሮ ዝም አትሉኝም ነበር።»

ዛሬ ቦንጋም ኤፍ ኤም አለ፣ ቤይሩት ያለች ልጅም ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት እየተያየች ታወራለች። ያኔ ለአንድ ካሴት ወራት እንጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ድምፅ ለመምጣት አፍታ አይፈጅበትም። በቀደም አንዷ ጎረቤት ልጇ የላከችላትን ስልክ አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ ካሜራው እንዴት ጥርት አድርጎ እንደሚያሳይ ስታወራልኝ ልጅቷ መስታወቱ ውስጥ አፏን ከፍታ ተራ ትጠብቅ ነበር። ለዚያች ሴት ያለኝን ንቀት አልደብቅም። አባዬንም ዐፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ይቅር ለማለት ሞክሬ አቅቶኛል፤ ግን እሱ ቢያንስ ከቃላቱ ይልቅ ስፒከሩን የሚሰማ ቂል ነበር። እኔ ቃላቱን በልቤ አውቃቸው ነበር። ዛሬም ሳላዛንፍ እላቸዋለሁ።

አስካለ አሁን ቦንጋ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ካሴቱን ከሰማው ጎረቤት ሁሉ አፍሮ ይሁን ረስቶ አንድም የነገራት የለም። ያን ካሴት መንገድ ላይ የጣለችው ብርቄ ናት ብላ ስላመነች፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም። ሠርጓ ላይ አልጠራቻትም፣ ለብርቄ እናት ለቅሶም አልደረሰችም። ብርቄ ባለፈው ገበያ መሐል እጄን ያዘችኝና፣ «እህትሽን ምን አድርጌያት ነው? እስኪ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።