እህቴ የፊት አክስል ስትመርጥ

ታላቅ እህቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ነድታለች። የመንገዱ ሾፌሮች «ፍሬን የለሽ» ይሏታል፤ ፍጥነቷን አይተው እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ነገር ካሰበች የሚያቆማት ስለሌለ ነው። እኔ ታናሽ ወንድሟ በያጅ ነኝ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እሷ ግን ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የምትለኝ።

ልጇ ከተራራው ማዶ አስተማሪ ናት፤ ትዳሯም እዚያው ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እህቴ ድንጋያማው ዳገት ላይ የፒክአፗ የፊት እግር ተሰብሮ ሁለት ቀን ቆመች። ስትደርስ ሕፃኑ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማንም «የት ነበርሽ» አላላትም። እሱ ነው ያንገበገባት።

ዘንድሮ ልጅቷ ደግማ አረገዘች። እህቴ ፒክአፗን ግቢዬ አስገብታ አቆመች።

«ይኼን ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚወዛወዝ እግር አውጥተህ ጣልልኝ። ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ የሆነ አክስል ትገጥምልኛለህ።»

«እታለም፣ በአውቶቡስ ብትሄጂ ምን አለበት?»

«አውቶቡሱ የሚያራግፈው ዳገቱ ሥር ነው። በዚህ ጉልበቴ ልውጣው?»

መኪናውን ለካሁና አሮጌ ብረት መሸጫ ሄድኩ። እዚያ ከትልቅ ጭነት መኪና የወረደ አክስል አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ አላይ አለ። ዘንጉ የሚገባበት ድቡልቡል ክፍል፣ ዲፈረንሻሉም፣ በቀኝ በኩል ነው። ከእሷ ሞተር ወደ ፊት የሚመጣው ዘንግ በቀኝ እንደሚወጣ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። ነጋዴውን «ለማንም እንዳታሳይ» ብዬ አክስሉን አስያዝኩት።

በማግስቱ እሷን ይዤ መጣሁ። የግራ እጇ አንጓ ላይ ቀይ ክር አስራለች፤ ጠዋት መኪናዋ ሥር ገብታ ነው ያሰረችው። ከአክስሉ ኋላ ጀሪካን ላይ ተቀመጠችና መሪ እንደያዘ ሰው እጆቿን ዘረጋች።

«የእኔ ዘንግ ክር ባለበት በኩል ነው የሚወጣው። የዚህ ዲፈረንሻል በወዲያኛው ነው። አንተ ልጅ፣ ስትለካ የት ቆመህ ነበር?»

«ከመኪናው ፊት።»

«ፊትህን ወደ መኪናው አዙረህ?»

ቀኝና ግራ የሚባለው መሪ ላይ ለተቀመጠ ሰው መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ዕድሜዬን መኪና ሥር የፈጀሁት ሰውዬ ገልብጬ ጻፍኩት። ነጋዴው በሳቅ ፈረሰ። ደሜ ፈላ።

«ስቀህ ስትጨርስ ሌላ አሳየን» አለችው።

ዝገት የበላው አንድ ቀጠን ያለ አመጣ። ዲፈረንሻሉ በግራ ነው። እህቴ ከኪሷ ሁለት ቦታ የተቋጠረ ገመድ አወጣች፤ የኋላ አክስሏን ለክታ መጥታለች። ግዙፉ በስንዝር ያልፋል፣ ይኼኛው ልክክ አለ። የኋላ ጎማዋ የፊቱን ዱካ ካልተከተለ እያንዳንዱን ድንጋይ ሁለቴ እንደምትመታው ነገረችኝ። ከዚያ ጆሮዋን አስጠግታ በእጇ አሽከረከረችው።

«ቀጭን ነው እኮ» አልኩ፣ አፌ አያርፍም።

«ለእኔ መኪና ይበቃል። ያንተን ለማስገጠም ስንት ወር ልጠብቅ? ልጄ ቀኗ እየደረሰ ነው። ተሸከም።»

አሥራ አንድ ቀን ቆረጥኩ፣ በየድኩ፣ ንዝረቱን የሚችለውን ባሌስትራ አሰርኩ። እያንዳንዷን ብየዳ እየዳሰሰች ሁለቱን አስደገመችኝ። ተናደድኩ፣ ግን ደገምኩ።

ዳገቱን ስንወጣ አጠገቧ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሻለሁ። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ አክስሉ ቻለው። ያኔ የፊት እግሩ የተሰበረባት ቦታ ስንደርስ ማርሽ ቀየረችና አለፈችው።

ልጅቷ ሆዷን ደግፋ ደጅ ወጣች።

«እማዬ፣ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረኛል እኮ» አለች። ወዲያው የበሩን መቃን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። «ያኔ በር በሩን ሳይ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለቻት እህቴ፣ ፍራሿን ከመኪናው እየጎተተች። «አሁን እኔ እጠብቃለሁ።»

ፍራሹን ተቀብያት ወደ ቤት አስገባሁ።