የእድሩ ድንኳንና የባለቤቴ ኮምፒውተር

ባለቤቴ የፊዚክስ መምህር ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሱን ያህል ግትር ሰው ካለ አሳዩኝ! አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አምጥቶ ሳሎኔ ጥግ አስቀመጠና "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ አይጠፋም" አለኝ። የቀረጸውን ትምህርትና የድሮ የፈተና ጥያቄዎችን ጭኖበት ድረ ገጽ ከፈተ። ከሉማሜም ከይጁቤም ተማሪ በስልኩ ይገባበታል። "ድረ ገጹን የሚከፍት ሁሉ እኛ ሳሎን መጣ ማለት ነው" ብሎ አስረዳኝ።

"ታዲያ ጫማቸውን ጠርገው ይግቡ!" አልኩት።

ኮምፒውተሩ ቀን ከሌት እዝዝ ይላል። መብራት ሲጠፋ ከኔ በፊት ባትሪ የሚያገኘው እሱ ነው። እንዲያም ሆኖ ባለቤቴ ከክፍል ደክሞት ገብቶ፣ ለማያውቀው ልጅ ብሎ ሲቀርጽ ሳየው ውስጤ ይኮራ ነበር። ፊት ለፊት ግን አልነግረውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሆዴን የሚበላኝ ኮምፒውተሩ አልነበረም። ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ሳታልፍ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ገበያ አትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን አትስም፣ ሰው ሲመጣ የመኝታ ቤቷን በር ትዘጋለች። የመምህር ልጅ ወደቀች እንዳይሏት ነው። እንደገና ልትፈተን ተመዝግባ፣ የአባቷን ትምህርት እዚያው በሯን ዘግታ ታዳምጣለች። የፈለግሁት ፈተናውን እንድታልፍ ብቻ አልነበረም፤ ደጅ እንድትወጣልኝ ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ ኢንተርኔት ጠፋ። እሰይ፣ ሳሎኔ ሊያርፍ ነው አልኩ። ባለቤቴ ሳቀብኝ። "ትምህርቱ ያለው እኛ ቤት አይደል እንዴ? የቤታችን ዋይፋይ የሚደርሰው ሰው ያለ ኢንተርኔትም ይከፍተዋል።" ሄዶ ለተማሪዎቹ "አጥራችን ሥር ኑ" አላቸው።

መጡ። በማግስቱ ጠዋት በሩን ብከፍት፣ አጥሩን ተደግፎ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ሰው ብዛቱ! ብርዱ አይጣል ነው፤ ሁሉም ጋቢና ነጠላ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ስልኩን ያያል።

ይሄን ከሩቅ ያየ ሰው ምን ይላል? ረፋዱ ላይ የእድራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው፣ እያለቀሱ ገቡ። ጎረቤቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ምነው እህቴ፣ ሳትነግሪን! ማን ነው የሞተው?"

"ኧረ ማንም አልሞተ! ተማሪዎች ናቸው፣ እያጠኑ ነው!"

እንባዋን ሳትጠርግ አፈጠጠችብኝ። "እንዲህ ብርድ ላይ?"

በሳቅ ፍርስ አልን። ንፍሮው ተመልሶ አይሄድም ተባለና ለተማሪዎቹ ታደለ። ዝናብ ሲጀምርማ የእድሩን ድንኳን አምጥተው ደጃችን ተከሉላቸው። "ለሐዘን ብቻ ነው ያለው ማን ነው?" አሉ የእድሩ ዳኛ፣ ካስማውን ራሳቸው እየመቱ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!

ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጠን አንዲት ተማሪ ድንኳኑ ውስጥ "ይሄኛው እንዴት ነው የሚሠራው?" ስትል ሰማን። የመለሰላት የለም። ደግማ ጠየቀች። ባለቤቴ ጫማውን ፍለጋ ጎንበስ ሲል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

ልጃችን ናት። በርጩማ አንስታ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ በመካከላችን አልፋ ወጣች። ድምጿን ከድንኳኑ ሰማሁት።

"ስጪኝ ላሳይሽ። አምና እኔንም የጣለኝ እሱ ነው።"

ባለቤቴ ሊከተላት ብድግ አለ። ኮቱን ይዤ ጎተትኩት።

"ተቀመጥ!" አልኩት፤ እንባዬ ግን ቀድሞኝ ነበር።