የቀለጠው ቫይታሚን

መጀመሪያ ያመመኝ ምላሴ ነበር። ቀላ፤ ሽሮ እንኳ ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጥሎ ጣቶቼ ደነዘዙ። አምቦ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ጠመኔው ሳይታወቀኝ ከእጄ ይወድቃል። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ግን ሳቁ አለቀ።

ደሜ ተመረመረ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና እሱ ያመጣው የደም ማነስ ነው ተባልኩ። ጨጓራዬ ቫይታሚኑን ከምግብ በደንብ ስለማይወስድ መርፌ ታዘዘልኝ፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየወሩ። ቀስ በቀስ ሰው ሆንኩ።

ችግሩ፣ መርፌ እፈራለሁ። የአክስቴ ልጅ ጋሚ የሚሉትን፣ እንደ ከረሜላ የሚታኘክ ለስላሳ ቫይታሚን ከአዲስ አበባ ስታመጣልኝ «ተገላገልኩ!» አልኩ። እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ለማንም ሳልናገር መርፌውን ተውኩት።

ከወራት በኋላ ለሠርግ እንጭኒ ሄድን። ጋሚው ያለበት ቦርሳዬ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ቤት ገብቼ ብልቃጡን ስከፍት ጋሚው ሁሉ ቀልጦ አንድ ቀይ ጓል ሆኗል። ባለቤቴ ገመቹ አየው።

«ይሄን ከምትበዪው ጫማ ብትለጥፊበት ይሻላል» አለኝ።

«መልኩ ነው እንጂ የተለወጠው፣ ቫይታሚኑ የት ይሄዳል?» አልኩና በቢላ በግምት እየቆረስኩ መብላቴን ቀጠልኩ። ሲሰነብት ነጭ ነገር ለበሰ። ስኳሩ ነው አልኩ። በላሁት።

ከሰዓት በኋላ ሆዴን ቆረጠኝ። አስመለሰኝ። ተቅማጥ ተከተለ። ልነሳ ስል እግሮቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ደንዝዘዋል። መደንዘዙ የዚያን ቀን አልጀመረም፤ ደብቄው ነበር። ፈራሁ። ገመቹ ደግፎ ባጃጅ ላይ አወጣኝ። ብልቃጡንም ይዞ መጣ።

ወጣቷ ሐኪም ብልቃጡን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«አዴ ጫልቱ፣ ስኳር ያሉት ሻጋታ ነው። ሆድዎን ያመመዎት እሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን እንኳን የታመመ ጤነኛም አይበላውም።»

«ሲቀልጥ ታዲያ መርዝ ይሆናል?» አልኳት።

«መቅለጡ ብቻውን መርዝ አያደርገውም። ግን ሙቀት ቫይታሚኑን ሊያዳክመው ይችላል፤ አንድ ላይ ከተጋገረ ደግሞ በቢላ ሲቆርሱ ስንት እንደወሰዱ አያውቁም። ለመሆኑ መርፌውን መቼ ነው የተወጉት?»

«ጋሚውን ካገኘሁ ወዲህ ትቼዋለሁ» አልኩ። ገመቹ ዞር ብሎ አየኝ። ከሐኪሟ ጥያቄ የእሱ አስተያየት ባሰብኝ።

«እኔን የሚያሳስበኝ ሻጋታው ሳይሆን ይሄ ነው» አለች ሐኪሟ። «የተጎዳ ነርቭ ሳይታከም ብዙ ከቆየ ላይመለስ ይችላል።»

ኦአርኤስ እየጠጣሁ ሆዴ በሁለተኛው ቀን ተረጋጋ፤ መርፌውም እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ፣ በተወጋሁ ቁጥር ገመቹ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ስለ ሠርጉ ጭፈራዬ እያነሳ ሲያስቀኝ መርፌው መግባቱን ሳላውቅ ይወጣ ነበር። ወራት ቢፈጅም፣ አንድ ጠዋት የወለሉ ቅዝቃዜ እግሬ ላይ ሲሰማኝ በደስታ ጮህኩ፤ ገመቹ እባብ ያየሁ መስሎት ዱላ ይዞ መጣ።

ሐኪሟን፣ ነርሶቹንና ዱላውን የያዘውን ሰውዬ አመሰግናለሁ።

ይህን ሕመም ለያዛችሁ የምለው አጭር ነው። ጋሚያችሁ ከቀለጠ፣ ካላበ፣ ሽታው ከተለወጠ ወይም ነጭ ነገር ካበቀለ ጣሉት፤ እየቆረሳችሁ አትሞክሩት። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። የታዘዘላችሁን መርፌ በጣፋጭ ለመተካት ሲያምራችሁ ደግሞ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔም ጠይቄአለሁ፤ ግን ከበላሁ በኋላ ነው።