የእትዬ አንጓች ፕሪንተርና ቀያዮቹ ስሞች

ወሬው የደረሰኝ ድሬዳዋ፣ ከምሠራበት ቢሮ፣ ፕሪንተሩ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ለማውጣት ጎንበስ ባልኩበት ነው። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም ውሎ፣ እህቴ ስትደውል በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ይንቋቋ ነበር። «እትዬ አንጓች አረፉ» አለችኝ። «ቀብራቸው ትናንት ሆነ። ሳንነግርሽ የቆየነው ከሩቅ ሆነሽ እንዳትደነግጪ ብለን ነው።» ነፍስ ይማር ብዬ አማተብኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ማሽኑ አላቆመም፤ ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ሳላጠፋው ቀረሁ። የድሬዳዋ ሙቀት መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ግን ደብረ ማርቆስ፣ ክረምት ላይ፣ በጭቃ የተመረገ ሳሎን ውስጥ ነበርኩ። ከላይ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ፣ ከዝናቡ ሥር ደግሞ ያ ድምፅ።

እትዬ አንጓች አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ነበሩ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ የሚመስል ቀጥ ያሉ ሴት። ባለቤታቸው መሪጌታ ሐዲስ የዜማ መምህርና ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ማታ ማታ ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ እርሳቸው የሰው ማመልከቻ በታይፕ፣ መሪጌታ ብራና በመቃ ብዕር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮ ስትለቅም ነው እኮ የምትመስይው» ይላሉ መሪጌታ፣ ቀና ሳይሉ።

«ዶሮዋስ ቶሎ ትጠግባለች። እርስዎ ከምሳ ጀምረው ገና አንድ መስመር!»

ከዚያ ሁለቱም ወደ ጽሕፈታቸው ይመለሳሉ። በሁለቱ መሀል መሪጌታ ቀለም ከሚይዙበት ቀንድ የሚወጣው የጥቁር ቀለም ሽታ ይቀመጣል። መሪጌታ ከጥላሸትና ካረረ ገብስ ራሳቸው ጠንስሰው የሚያከርሙት ቀለም ነበር፤ ደለል ይዞ የቆየ ጠላ የመሰለ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

መሪጌታ ለእመቤታችን ራሳቸው የደረሱት መልክእ ነበራቸው፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ጥፍር እያወደሰ የሚወርድ የግዕዝ ምስጋና። ለማንም አላሳዩትም። ማለዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያንጎራጉሩት የሚሰሙት እትዬ አንጓች ብቻ ነበሩ። «ገና አልበሰለም» ይሉ ነበር። እርሱ ሳይበስል እርሳቸው በነሐሴ አረፉ። የቀረው በስስ ብራና የተጻፈ አንድ ቅጂ ነው። እትዬ አንጓች ታዲያ ለሙት ዓመታቸው ለተማሪዎቻቸው ሁሉ አባዝተው ሊያድሉት፣ በዚያው ዕለትም በዜማ ሊያስደርሱት ቆረጡ። «ያለዚያ ሁለት ጊዜ ቀበርኳቸው ማለት ነው» ሲሉ ለእናቴ ነግረዋታል። እናቴ ፎቶ ኮፒ ቢያስነሡትስ ብትላቸው፣ ፎቶ ኮፒ ሁሉን ያጠቁረዋል አሉ። የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ ያልተጻፈበትን ወረቀት መሪጌታ በእጃቸው አይነኩትም ነበር።

ያን ጊዜ ነው የወንድማቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የላከላቸው። የመሪጌታ ቦታ ላይ፣ ዳንቴል በለበሰ ጠረጴዛ አስቀመጡት። መልክኡንም ስሞቹን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር አድርገው ከብራናው ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጡት። ከሥሩ ስቴብላይዘሩ መብራት ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ለእትዬ አንጓች ማሽን ታመመ እንጂ ተበላሸ አይባልም። ሲጮህ አይቆጡም፤ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የቱ ጋ እንደሚያመው ያዳምጡታል። ሁለመናው እየተንቀጠቀጠ ኳ ኳ ካለ የወለሉ ነገር ነው፤ ከጠረጴዛው እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ይገባል። ሲጢጥ ካለ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቷል። አንድ ቀን ግን እንደ ወፍጮ ገረረ። ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ሲፈልጉ ሲፈልጉ፣ ከማሽከርከሪያው ጎማ ሥር ከራሳቸው መቁጠሪያ የወደቀች አንዲት ጨሌ አገኙ። «እኔ ስጸልይ የጣልኳትን ይኸው እርሱ ሲቆጥርልኝ ሰነበተ» ብለው ስቀው ጨሌዋን ሳሟት።

እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሥራዬ ወረቀት ማሞቅ ነው። የክረምቱን እርጥበት ፈርተን ወረቀቱን ከፍራሹና ከብርድ ልብሱ መሀል እናሳድረዋለን፤ ጠዋት ጫፉን ይዤ እንደ ማራገቢያ እየዘረጋሁ፣ አንዱ ካንዱ እንዳይጣበቅ እያላቀቅኩ አቀብላቸዋለሁ። ፊደሉ መሀል ለመሀል በነጭ ሰረዝ ተሰንጥቆ ሲወጣ ደግሞ እትዬ አንጓች ጉምጥሞሽ ያዝዛሉ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ሲነኩ ማሽኑ ውስጡን ያጥባል፤ ግሉግሉግ የሚል ድምፅ ይሰማል። እምቢ ካለም ቀለሙን የያዘውን ካርትሬጅ አውጥተው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አፉን ደፍተው ያሳርፉታል። ጨርቁ ላይ ጥቁር አበባ ይፈነዳል። «አሁን ተነፈሰ» ይላሉ።

ጉምጥሞሹ ሲበዛ ግን ጥቁሩ ቀለም አለቀ፤ ለብቻው የሚቀመጠው ቀይ ተርፎ ነበር። ከተማው ውስጥ ለዚያ ማሽን የሚሆን አልተገኘም። አዲስ አበባ ተላከ፤ ቀለሙ ተገዝቶ ተጫነ። እርሱን የያዘው አውቶቡስ ዓባይ በረሃ ሲደርስ ዝናብ መንገዱን ንዶት ደጀን ሳይወጣ ቀረ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ ሙት ዓመቱ ደርሷል። ሁሉንም በቀዩ ያትሙት ያሏቸውም ነበሩ። «ሁሉ ቀይ ከሆነማ ስሟ ከሌላው በምን ይለያል?» አሉ።

አንድ ከሰዓት እትዬ አንጓች ብድግ ብለው ከግድግዳው የመሪጌታን የቀለም ቀንድ አወረዱ። ታሽጎ የከረመ ነበር፤ ሲከፍቱት ያ ሽታ ሳሎኑን ሞላው፣ መሪጌታ የገቡ መሰለኝ። በነጭ ጨርቅ አጠለሉት። በስሪንጅ ስበው፣ አማትበው፣ ባዶው ካርትሬጅ ውስጥ አንጠባጠቡት፤ ሌላ የላቸውም፣ የቀረችውን ሁሉ። ማሽኑ አቃሰተ፣ ከዚያም አተመ። ግማሽ ገጽ! ጥቁረቱ ከሱቁ ቀለም የጠለቀ፣ ፊደሉ ሥጋ የለበሰ። እትዬ አንጓች እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ ማሽኑ እህል ትን እንዳለው ሰው አንድ ሁለት ጊዜ ሳለና ፊደሉ እየገረጣ፣ እየገረጣ፣ ጠፋ። ያ ቀለም ለካ ደለል አለው፤ ለመቃ ብዕር እንጂ ለዚያ ፀጉር ለማያስገባ ቀዳዳ አልተጠነሰሰም።

ጉምጥሞሽ አዘዙ፤ አልሆነም። ጨርቅ ላይ አሳረፉት፤ አልሆነም። ማሽኑ ግን ወረቀቱን መሳብ አልተወም፤ አንድ በአንድ፣ በእርጋታ ያወጣል። አነሣሁትና አየሁ። ገጹ ነጭ ነው፤ ነጩ ላይ እዚህም እዚያም ቀያይ ስሞች ብቻ ተበትነዋል። ማርያም። ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ማርያም። ከዚያ ረጅም ባዶ። ከዚያ ኢየሱስ። ሌላ ምንም የለም። በበረዶ ላይ የወደቀ የቀጋ ፍሬ ይመስል ነበር። እትዬ አንጓች ማሽኑን አላጠፉትም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን እቅፋቸው ውስጥ አድርገው፣ የመጨረሻው ወረቀት እስኪወጣ አዩት። «ቀለማቸውንም ጨረስኩት» ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው።

በማግስቱ የመሪጌታ ተማሪዎች ለሙት ዓመቱ ዳስ ሊጥሉ መጡ። ከአምበር የመጣ አንድ ረጅም ተማሪ ውሃ ሊለምን ገብቶ ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አየ። አገላበጠ፣ ፈገግ አለ።

«እሜቴ፣ ይሄ ማሽን ተማሪ አይደለም፣ መምህር ነው።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«እኛ የኔታ ዘንድ ስንጽፍ ጥቁሩን ጽፈን የስሙን ቦታ ክፍት እንተዋለን፤ ቀዩን የኔታ ናቸው የሚሞሉት። ይሄ ቀዩን ሞልቶ ጥቁሩን ለእኛ ተወ። ብዕርስ አምጥተናል።»

እትዬ አንጓች ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ተማሪውም ጥፋት የተናገረ መስሎት ደነገጠ። ዳሱ ተረሳ። ተማሪዎቹ በረንዳውን፣ ደረጃውን፣ የግቢውን ደረቅ ደረቅ ድንጋይ ሁሉ ያዙና ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዝናቡም ለዚያች ቀን ታገሠን። እትዬ አንጓች ብራናውን ይዘው መሀል ቆመው ያነቡላቸው ጀመር። የመልክኡ ሁለተኛ ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ንባቡ ሳይታወቃቸው ዜማ ሆነ። ያንን ሁሉ ማለዳ ከትራሳቸው ሆነው የሰሙት ዜማ ነው፤ ብራናው ላይ አልተጻፈም፣ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ተማሪዎቹ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡ። «ይድገሙልን፣ እሜቴ» አለ ከኋላ አንዱ። ደገሙላቸው። በሙት ዓመቱ ዕለት ያ መልክእ በብዙ ድምፅ ሲደርስ፣ እትዬ አንጓች ከሴቶቹ መሀል ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ቆመው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው እንደ ልማዳቸው ተበተኑ። በሉማሜ መንገድ የሚያልፍ ሰው ያን መልክእ በአንዲት ገጠር ደብር ሲዜም ሰማሁት ብሎ ለእናቴ ነግሯት ያውቃል። እትዬ አንጓች የወለዱት የለም፤ ያሳደጉት ግን ይኸው በየደብሩ አለ።

በዚያች ቀን በግቢያቸው ተቀምጣችሁ የጻፋችሁ ወንድሞቼ፣ ዛሬ መሪጌታም ቄስም ሆናችኋል። አርባቸው እየመጣ ነው፤ መቼም ከቅዳሴ በኋላ መልክኡን ታደርሱላቸዋላችሁ። እኔ ሥራ ይዞኝ አልደርስም። ያን ቀን ንፍሮና ውሃ ሳመላልስ የራሴን ቅጂ ሳልይዝ ቀርቻለሁና፣ አንዳችሁ በእጃችሁ ጻፉልኝ። ጥቁሩን ብቻ ጻፉት፤ የስሞቹን ቦታ ክፍት ተዉልኝ። ቀዩን እኔ እሞላዋለሁ።