የሽኝቷ ሳህን

ዛሬ ከገበያ ስመለስ ምስማሩን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ክብ የአቧራ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ዘንቢሉን መሬት ላይ ለቅቄ መቃኑን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ጥርት ያለ፣ ጆሮ የሚወጋ፣ ወዲያው የሚጠፋ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያ ወፍራሙ፣ ቀስ ብሎ የሚነሳው። አንተ ነህ ለካ! የድራምህን አዲስ ሲምባል ከአሮጌዋ ጋር ልታወዳድር አውርደሃታል።

«እማማ፣ የቱ ይሻላል?» አልከኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

አልቆጣህም። የሠርግ ባንድ ውስጥ ከገባህ ወዲህ እዚህ ቤት ያልደበደብከው ዕቃ የለም፤ ድስቶቼ እንኳ ሲያዩህ የሚሸሹ ይመስለኛል። እሷን ግን ማንም አይነካትም። ተቀመጥና ለምን እንደሆነ ልንገርህ። እናትህ ከያቤሎ እስክትገባ ጊዜ አለን።

አንተ ሲምባል የምትለውን እኛ ሳህን ነበር የምንለው። አባቴ ነገሌ ቦረና፣ የጦር ሰፈሩ ባንድ ውስጥ ከበሮ መቺ ነበር። የምንኖረው በረጅሙ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ የወታደር ቤተሰቦች፣ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከሐረር። ግድግዳው ስስ ስለነበር ጎረቤት ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምንለው ከየቤታችን ሆነን ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ቀዩ አቧራ በስንጥቁ ይገባና እንጀራው ላይ ሳይቀር ያርፋል።

ሳህኗ ከድሮው መንግሥት የቀረች ነበረች። መሀሏ አጠገብ የዘውድ ምልክት ነበረባት፤ መንግሥት ሲለወጥ በሞረድ ፋቁት። ጣትህን አሳልፍበት፣ ሻካራው ይሰማሃል። አባቴ «ቁስሏ» ይለው ነበር። ከተፋቀች ወዲህ ድምጿ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጎረንናል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። በኋላ ከወዳጅ አገር መጡ የተባሉ አዳዲስ ሳህኖች በሳጥን ታሽገው ደረሱ፤ አሮጌዎቹ መጋዘን ተጣሉ። አባቴ ለምኖ አንዷን ወደ ቤት አመጣትና በቆዳ ማንጠልጠያዋ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። እናቴ አንድ ቀን በሎሚና በአመድ ፈትጋ ልታሳምርለት ሞክራ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። «ያጠብሽው ድምጿን ነው» አለ።

ልዩነታቸውን ዛሬ ራስህ ሰምተኸዋል። አዲሷ ስትመታ ብልጭ ትልና አለቀ፤ ትሪ ከመደርደሪያ እንደወደቀ። አሮጌዋ መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ የሳትካት ይመስልሃል። ከዚያ ከሆዷ ይነሳል፣ ይሞላል፣ አየሩ ላይ ይቆማል። አባቴ ለበዓልና ለእንግዳ አዲሷን ይመታ ነበር። ወደ ሰሜን የሚዘምት ጦር ሲሸኝ ግን አሮጌዋን ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ «ልጆቹ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይስሟት፤ አዲሷ በሩ ላይ ትቀራለች» አለ አሉ። መታጠፊያው የክብረ መንግሥት መንገድ ከግራሮቹ ኋላ የሚሰወርበት ቦታ ነው። መኪኖቹ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚታይ ነገር የለም፣ አቧራው ብቻ።

የዘመቻ ቀን ምስጢር ነበር። ወታደሩ ራሱ የሚያውቀው ሲሰለፍ ነው። አባቴም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ነገር ግን ከሽኝቱ በፊት ባለው ምሽት ሳህኗን ከምስማሩ ያወርድና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ባንዱ ክፍል ይወስዳታል። እናቴ ይህን አስተዋለች። ቀጥላ ደግሞ ጎረቤታችን፣ ከጎጃም የመጣችው የአሥር አለቃ ሚስት፣ አስተዋለች። እሷና እናቴ ጡት የተጣቡ ያህል ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰው አያጣም። አንዷ «ወንፊት አውሺኝ» ብላ ትመጣለች፣ አንዷ ጨው፣ አንዷ መርፌ። አፋቸው ወንፊት ይላል፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። ሳህኗ ካለች ይስቃሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሰው ያማሉ። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ግን የመጡበትን ሳይወስዱ ይወጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በሙሉ የገብስ ቆሎ ሽታ ይሸታል፤ ለበሶ፣ ለስንቅ። ገብስ ሲቆላ ቤት ጥዬ የምወጣው ሽታው አስጠልቶኝ ነው፣ እናንተ እንደምትሉት አመለኛ ስለሆንኩ አይደለም።

ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን አንዲት የቦረና ሴት ነበረች። የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮዋን፣ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ፣ «አካም? ናጋ?» ትላለች፤ ቀጥላ አንገቷን ወደ ውስጥ ታሰግጋለች።

«ሳህን አለች?»

«አለች፣ አለች» ትላታለች እናቴ።

«ሀዬ፣ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው እንግዲህ።»

ወተቷን ሸጣ ወደ ገበያ ትወርዳለች፤ ገበያ ውስጥ ደግሞ የባለሱቁ ሚስት ትጠይቃታለች። ሳህኗ የወረደች ዕለት ባለሱቁ ካልሲውን፣ ሲጋራውንና የባትሪ ድንጋዩን ወደ ፊት አውጥቶ ይደረድራል። ወታደሩ ገና መሄዱን ሳያውቅ ገበያው ያውቅለታል። እናቴ ይህን ስትሰማ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሊያስፈራን ይገባ ነበር።

እናቴ አንድ ፍርሃት ብቻ ነበራት፣ ከበሮ መቺው ራሱ መኪናው ላይ የሚወጣበት ቀን እንዳይመጣ። «ባንድ አይዘምትም፤ ሌላውን ማን ይሸኛል?» እያለች ራሷን ታጽናናለች። ግን የዚያን ዓመት ባንዱ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ክላርኔት ነፊው ሄደ፤ ቀጥሎ ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው። ማንም አልተተካም። ልምምዱ ከካምፑ ሲሰማ ዜማው መሀል መሀሉ ክፍት ነበር፤ የሄዱት ሰዎች ቦታ ላይ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እናቴ ያ ዝምታ ሲመጣ የያዘችውን ሥራ ትታ ትቆማለች። አባቴም ተለወጠ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሴቶቹ ተሰብስበው አገኛቸውና ሰላም ካለ በኋላ ለእናቴ፣ «እዚህ ቤት ሰው አይብዛ» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም።

የመጨረሻዋ ምሽት ትዝ ትለኛለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ። ከሳህኗ ትይዩ ተቀምጦ ያያታል። እናቴ «ምነው?» አለችው። «ደክሞኝ ነው» አላት። አንድ ጊዜ ተነሳና እጁን ወደ ምስማሩ ዘረጋ። እናቴ ማማሰያውን ይዛ ቀረች፤ እኔም እጁን አየዋለሁ። አባቴ ግን የቆዳውን ማንጠልጠያ አስተካክሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰችና ወደ ወጧ ዞረች።

እጁን ላስታጥበው ውኃ አቀረብኩለት። ታጥቦ ሲጨርስ መዳፌን ያዘና በጣቱ ቀስ እያለ መታ መታ አደረገልኝ፣ ሕፃን ሳለሁ ያደርግልኝ እንደነበረው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ አፈርኩ፤ እጄን ቶሎ ወሰድኩ።

ጠዋት ስንነሳ እሱ ወጥቷል። ሳህኗ ግድግዳው ላይ ናት።

ጎረቤታችን ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ባሏ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥም ጭምጭምታ አለ። ወንፊትም ጨውም አላለችም፤ ቀጥታ ግድግዳውን አየች።

«እሰይ! አለችልን» አለች፣ ደረቷን ይዛ።

«አለች እንጂ! የት ትሄዳለች?» አለቻት እናቴ። «ይልቅ ጀሪካንሽን አምጪ፣ ውኃ እንውረድ።»

የቧንቧው ውኃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጉድጓድ ሄድን። ጎረቤታችን ልቧ ስለረጋ መንገዱን ሁሉ ስታንጎራጉር ነበር። ተራ ይዘን ሳለ ነፋሱ ከካምፑ በኩል የሳህን ድምፅ አመጣ። ጥርት ያለ፣ አጭር፣ አዲሷ ናት።

ጎረቤታችን ቀና አለች። «ምንድን ነው እሱ?»

«የበዓል ልምምድ ነው። አዲሷ አይደለች እንዴ? አትሰሚም?» አለች እናቴ።

ቀጥሎ ሌላ ምት መጣ። በመሀል ረጅም ክፍተት ነበረው። አሮጌዋ ስትመታ ያ ክፍተት በድምጿ ይሞላል፤ ምቱ ከምቱ ጋር ይገናኛል። አዲሷ ግን ቶሎ ስለምትሞት መሀሉ ባዶ ነበር፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ያልለየሁት። ሦስተኛው ሲመጣ መዳፌ አወቀው። ትናንት ማታ አባቴ የመታልኝ ነው።

«እማዬ፣ አመታቱ እኮ የሽኝት ነው» አልኳት።

«ሳህኗ ግድግዳው ላይ ናት!» ብላ ጮኸችብኝ። እናቴ ጮኻብኝ አታውቅም።

ጎረቤታችን ጀሪካኗን ጥላ ሮጠች። እኛም ተከተልናት። ካምፑ በር ስንደርስ የናፍጣ ሽታ፣ ዓይን የማያስገልጥ አቧራ፣ ጭንቅላታቸውን የያዙ ሴቶች። የቀረው ባንድ በሙሉ መጨረሻው መኪና ላይ ወጥቷል አሉን። አባቴ ቆሞ እየመታ ነበር አሉ፣ ዓይኑ ሰው ሲፈልግ። የመጨረሻው መኪና መታጠፊያው ጋ ሲሰወር አየነው። ጆሯችንን አቅንተን ቆምን። እናቴ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አደረገችው። ምንም አልተሰማንም። አሮጌዋ ብትሆን ኖሮ እንሰማት ነበር።

ጎረቤታችን ባሏን አልሳመችውም፣ ስንቅ አልቋጠረችለትም። ከበሩ ስንመለስ ከእናቴ ቀድማ ወደ ቤታችን ገባችና ሳህኗ ሥር ቆመች።

«ዋሸችን» አለች። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠችም። እናቴ በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል ስታለቅስ ትሰማታለች፤ ሄዳ ልታጽናናት ግን አቅም አልነበራትም።

አባቴም፣ አሥር አለቃውም አልተመለሱም። ከስንት ጊዜ በኋላ የባንዱ ጥሩምባ ነፊ በክራንች መጣ። ነገሩን የሰማነው ከእሱ ነው። የካምፑ ካድሬ አባቴን ጠርቶ፣ «ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው ነገር ገበያ ውስጥ ያወራል። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከወረደ አንተ ብቻ አይደለህም የምትጠየቀው፣ ቤትህም ነው» ብሎት ኖሯል። ባንዱ ራሱ እንዲዘምት ሲታዘዝ አባቴ ሳህኗን ማውረድ አልቻለም፤ ለእናቴም መንገር አልቻለም፤ ለአንዲት ሴት ከነገረ ለሰፈሩ ሁሉ እንደነገረ ያውቃል።

«እትዬ፣ መንገዱን ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ምሽት ነበር» አላት እናቴን። «'ላወርዳት እጄን ዘረጋሁ፣ ልጄ ታየኛለች፣ እጄ እንቢ አለኝ' ይል ነበር።»

እናቴ እስኪጨርስ ሰማችውና ምሳ አቀረበችለት።

ጦሩ ሲበተን እኛም ሰፈሩን ለቀን ወደዚህ ወደ ክብረ መንግሥት መጣን። ሳህኗን በአባቴ ሸሚዝ ጠቅልላ ያመጣቻት እናቴ ናት። ቤቱ ውስጥ አልጋ ሳይገባ መጀመሪያ ምስማር መታች። ከዚያ ወዲያ ከዚህ ቤት ሰው መንገድ ሲወጣ ሳህኗ መኖሯን አይታ ነበር የምትሸኘው። እንደዋሸቻት እያወቀች ታያታለች። እኔም ይኸው ተጋብቶብኛል፣ ምን ላድርግ።

እናቴ ታምማ የተኛች ጊዜ አንተ ገና ዳዴ ትል ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገለጠችና ወደ ግድግዳው አየች።

«አውርጂልኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊያት ነው፣ እማዬ?»

«በእኔ ጊዜ እንኳ እውነቱን ትናገር።»

አወረድኳት። ማንጠልጠያዋን ያዝኩና እጄን በሻሼ ጠቅልዬ አንድ ጊዜ መታኋት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ ተነሳች፣ ቤቱን ሞላች። እናቴ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ነገር ነበር። ድምጿ ወደ መጨረሻው ሄዶ እስኪጎረንን፣ ከጎረነነ በኋላም እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠች። ማታውን አረፈች።

የቱ ይሻላል ነበር ያልከኝ? እኔ እንጃ፣ ልጄ። ያንተዋም ጥሩ ናት፤ ሠርግ ላይ ታምራለች፣ በሷ ምታ።

ይቺን ግን አሁኑኑ መልሰህ ስቀልልኝ። እናትህ ገና መንገድ ላይ ናት።