ጨዋታው ተረሳ፣ መስመሩ ቀረ

የዓለም የቼዝ ቀን ዕለት ከመምህር ታደለ አልጋ አጠገብ የነበርነው እህታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ተማሪዎቻቸው ናሆምና ረድኤት፣ ልጄ ሕይወትና እኔ ነን። የቅርብ ወዳጃቸው ጋሽ ዱካሞ ብቻ አልነበሩም። መምህራችን በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ በሞት ተለዩን። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ ያጎደልኩትን እናንተ ሙሉልኝ።

ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀኝ አንድ ቃል ነው። ሕይወት «ሰንጠረዥ እየተማርኩ ነው» ስትለኝ፣ በሒሳብ ደብተር ላይ የሚሰመረው መስሎኝ ደስ አለኝ። ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ከሚያስተምሩበት ልወስዳት ስሄድ ግን ከእንጨት ፈረስ ጋር ተፋጥጣ አገኘኋት።

«መምህር፣ ሰንጠረዡ የታለ?» አልኳቸው።

«ይኸው፣ የሕይወት እናት! ሰንጠረዥ ማለት መጀመሪያ ይህ ጨዋታ ነበር» አሉኝ። «ከህንድ ተነሥቶ፣ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ፣ ስሙን እንደያዘ እኛ ዘንድ ደረሰ። ነገሥታቱም መኳንንቱም ይጫወቱት ነበር። በኋላ ጨዋታው ተረሳ፣ መስመሩ ቀረ።»

እያዳመጥኳቸው ዓይኔ ከውሃው አልነቀል ማለቱን አይተው ኖሯል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳዎቹን ሁሉ ተሸክመው መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው በረንዳ አዛወሩ። ምክንያቱን ለሚጠይቃቸው «እናት እየሰጋች ልጅ አያስብም» ይሉ ነበር። የማን እናት እንደሆነች ግን አይናገሩም።

ጋሽ ዱካሞ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። የጥንቱን ጨዋታ መምህር ከገዛ አባታቸው ተምረው ለጋሽ ዱካሞ አስተማሩ፤ ከሁለቱ ሌላ የሚያውቀው ሰው አላየንም። በጥንቱ አጨዋወት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይሉታል።

«አንተ ዱካሞ! እጅህን ሰብስብ፣ ይህ መናኸሪያ አይደለም!»

«ገና ማን ተበላ? አንተ ስታንቀላፋ እኔ ልቁም እንዴ?»

«ፈረሴን ገጨህብኝ!»

«ክላክስ አድርጌለት ነበር፤ ለምን አልሸሸም?»

ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። እነሱ የተማሩት የዛሬውን ቼዝ ነው። የጥንቱን ለዓለም የቼዝ ቀን ሊያሳዩአቸው መምህር ቃል ገብተው ነበር። «በዚያ ቀን በየአገሩ ሰው ሰሌዳ ዘርግቶ ይውላል፤ እኛም የራሳችንን ይዘን እንቀመጥ» ይሉ ነበር።

ሕመሙ ቀደማቸው። ቀኑ ሲደርስ ሕይወት ሰሌዳውን አልጋቸው ላይ ዘረጋችላቸው። እጃቸውን ወደ ጠጠሮቹ ሰደዱ፤ አልቻሉም።

«ወረራ ለብቻ አይሆንም» አሉ በቀስታ። «ዱካሞ ያሳያችሁ። ጥሩት።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። እኛም ጠራን፤ ስልካቸው አይሠራም። ጋሽ ዱካሞ ክረምቱ ሲገባ ቱላ ያለውን ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። የት እንደሆነ ጎረቤት አያውቅም። ወዳጃቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ፤ መሞታቸውንም የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

መምህር፣ ሰሌዳዎ እኔ ቤት ነው። እንዳይረጥብ ከመስኮቱ አርቄ በነጠላ ጠቅልዬዋለሁ። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ጠጠሮቹን በሁለት ወገን ይደረድራሉ፤ ወረራው እንዴት እንደሚጀመር ስለማያውቁ መልሰው ይሰበስባሉ። ያስጨንቀኛል። መስመሩ በእጃችን አለ፤ ጨዋታው ግን ጋሽ ዱካሞ ዘንድ ነው። እርስዎ ይረፉ። ልጄን ከውሃው እንዳራቁልኝ፣ እግዚአብሔር ከስጋት ሁሉ ያርቅዎ።

ጋሽ ዱካሞን ያያችሁ፣ ወይም ያሉበትን የሰማችሁ፣ እባካችሁ ንገሩን።