ኔስቶር ያጠላለፋቸው ሽቦዎች

በቤጌይ ወንዝ ዳር ቆማ አኻያዋ፣
ቅጠሏን ታጥባለች ወርዳ ከውሃዋ…

ጋቭራ ከዚህ አያልፍም። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቱ ነኝና ይህችን ዜማ ሲያንጎራጉር ስሰማ ኖሬያለሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ድምፁ ደረጃ እንደሳተ እግር ይሰናከላል። ከዚያ ይሳደባል። ስድቡ ለማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለኔስቶር ነው።

ዘፈኗ የሚስቱ የስሚልያ ነበረች። በተጋቡበት የመጀመሪያ ክረምት ጋቭራና የስሚልያ ወንድም ኔስቶር፣ መጽሔት ላይ የወጣ ሥዕል እያዩ ኮምፒውተር ሠሩ። ያኔ በከተማችን በዝሬንያኒን ያልሠራ አልነበረም። ቺፑ ከድንበር ማዶ ከጣልያኗ ትሪየስቴ ካልሲ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ ሽቦው ከተጣለ የስልክ መስመር ይላጣል፤ የጠፋው በተገኘው ይተካል። ሁሉም ከአንድ ሥዕል ሠራ፤ መንታ የሆኑ ሁለት ማሽኖች ግን በከተማው አልነበሩም። እያንዳንዱ የሠሪውን አመል ይዞ ተወለደ።

የማሽኑን ቋንቋ ከሁለቱ ቀድማ የለመደችው ስሚልያ ናት። ማሽኑ በቀጭን ድምፁ እንዲያዜም፣ ግጥሙም ከማሽኑ ጋር በተያያዘው ቴሌቪዥን ላይ እንዲወጣ አድርጋ ዘፈን ጻፈች። ካሴት ላይ ቀዳችውና በአዲስ ዓመት ዋዜማ አሰማችን። እኔም ነበርኩ። ሁለተኛው ግማሽ ሲመጣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ወይኑ በዝቶ ስለነበር ምን እንዳሳቀን ጠዋት የሚያስታውስ አልተገኘም። ጋቭራ ደግሞ ያንን ግማሽ ጭራሹን አልሰማም። ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ይበይድ ነበር።

ካሴቱ ዳግም ሳይከፈት በሁለት ቅጂ ቀረ፤ አንዱ በእነሱ ቤት፣ አንዱ በኔስቶር ቤት። ስሚልያ ሞተች። በአርባዋ ዕለት፣ ስንዴው ተቀቅሎ ሻማው በርቶ ሳለ፣ ጋቭራ ኔስቶርን ቅጂውን ለመነው፤ የራሱ ካሴት መንተባተብ ጀምሮ ነበርና። ኔስቶር አመጣለት። ቴፑ ውስጥ ሲከቱት ስለ ግብ ጠባቂ የሚጮህ የእግር ኳስ ተንታኝ ወጣ። ኔስቶር ሳያይ ጨዋታ ቀድቶበታል። ጋቭራ ካሴቱን አውጥቶ በሻማው አጠገብ አስቀመጠውና እንግዶቹን ትቶ ከቤት ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ በአንድ ድልድይ ላይ ቢገናኙ አንዱ ወንዙን ያያል፣ ሌላው ሰማዩን።

የጋቭራ ቁጣ እንደ መበየጃ ብረት ነው፤ ከግድግዳው ቢነቀልም ቶሎ አይቀዘቅዝም።

እንግዲህ የቀረችው አንዲት የተላጠች ካሴት ናት። ማሽኑ ከካሴት ያነባል እንጂ ወደ ካሴት መቅዳት ካቆመ ቆይቷል፤ ያ ጎኑ ተቃጥሏል። ስለዚህ ጋቭራ ክረምቱን በሙሉ አንድ ሥራ ያዘ፤ ቢሮ ከጣለው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ፈትቶ አውጥቶ፣ ያንን ዲስክ ከእሷ ማሽን ጋር የምታነጋግር አስተርጓሚ ሰሌዳ በእጁ መሥራት። ሰሌዳዋን ከማሽኑ ጀርባ፣ ድሮ ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ሜሞሪ የሚሉት፣ ይሰካበት ከነበረው ሶኬት ላይ ሰካት። ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ያንጎራጉራል፤ ሲያዙት ግን አይሰማም። ጋቭራ ሰሌዳዋን አፍርሶ እንደገና ሠራት። ዲስኩ አሁንም ደንቆሮ ነው።

በዚህ መሃል በየጠዋቱ ካሴቷን ይሞክራታል፤ ልማድ ነው፣ እንደ ጸሎት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግድግዳውን በቡጢ ሲመታ ሰምቼ ሮጥኩ።

«ገባች» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ከዳር እስከ ዳር አንብቧታል። ውስጥ ናት።»

«ታዲያ አስነሳትና እንስማት።»

«አንቺ ሴትዮ ጤና አለሽ? አንዲት ፊደል ተበላሽታ ከሆነ ማሽኑ ይደርቃል። ከደረቀ ማጥፋት ነው። ካጠፋሁት ደግሞ የለችም። መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ትቀመጥ።»

ያኔ አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ኮሳራ ከኩሽና ብቅ አለች። እጇ ላይ ከግቢው በር የገነጠለችው ወረቀት አለ። መስመር ሊጠገን ስለሆነ ሐሙስ ከእኩለ ቀን ጀምሮ በመንገዳችን መብራት አይኖርም ይላል።

ጋቭራ ወረቀቱን አንብቦ ወረቀቱን ሰደበው።

«ባትሪ ላይ አዙረው» አለችው ኮሳራ።

«ለማዞር መንቀል አለብኝ፣ እቴ። ነቀልኩ ማለት ገደልኳት ማለት ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ስገባ ሰውየው አልተላጨም፣ አልበላም። ኮሳራ በጢስ የደረቀ የጎድን ሥጋ የገባበት የአደንጓሬ ሾርባ ጥዳለች፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር መደብ፣ ነጭ ቁጥር።

«ሰሌዳዬ ንጹህ ናት» ይላል ለራሱ። «እኔ መቶ ብዬ እልካለሁ፤ ዲስኩ ጋ ሲደርስ ሌላ ቁጥር ሆኗል። መንገድ ላይ የሚያማታው አለ። መንገድ ላይ ያለው ደግሞ የዚያ ሰውዬ ሶኬት ብቻ ነው። በጥቁር ሙጫ ደፍኖታል። እንደ ሬሳ ሣጥን።»

«የማን ሶኬት?» አለች ኮሳራ፣ እያወቀች።

«የወንድሟ።»

ኮሳራ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ስልክ ስታነሳ ሰማኋት። ጋቭራም የሰማ ይመስለኛል፤ ግን አልተነሳም፣ አልከለከላትም።

ኔስቶር በብስክሌት መጣ። ብብቱ ሥር በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ በብልቃጥ ይዟል፤ ባዶ እጁን መግባት ፈርቶ ነው። አርጅቷል። በሩ ላይ ቆሞ፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ ኮሳራ» አለ። ከዚያ፣ «አማቼ።»

ጋቭራ ጀርባውን እንደሰጠው፣ «ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ? ምን ትቀዳ ይሆን?»

«ጠርተውኝ ነው የመጣሁት። ልትሰድበኝ ከሆነ ተቀምጬ ልሰደብ፤ ጉልበቴ ያመኛል።»

«ከዚህ ሶኬት ጋር ምን አደረግህ?»

«ምን አደረግሁ? ሠራሁት። ስንት ዘመን ሠራ።»

«ኔስቶር። እሷ ውስጥ ናት። እኩለ ቀን ላይ መብራት ይሄዳል። ምን አደረግህ?»

ኔስቶር ባርኔጣውን አወለቀ። ቴሌቪዥኑን አየ፤ ከዚያ ማሽኑን፤ ስሚልያ በቀይ የጥፍር ቀለም ስሟን የጻፈችበትን ክዳን።

«ሽቦው አጠረኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው፣ ቦታቸው አልደርስ አሉ። አጠላልፌ አንዱን በሌላው ቦታ በየድኳቸው። ለማስታወሻ ምን ቸገረው? በተጣመመ በር የገባ በዚያው በተጣመመ በር ይወጣል፤ ሲወጣ ቀጥ ይላል። ሠራ። አንተም ያኔ የመጽሔቱን ሥዕል እንደ ወንጌል ትስመው ስለነበር አልነገርኩህም። ሙጫውን የደፋሁት እንዳታይብኝ ነው።»

ጋቭራ ተነሳ። እሱ ሲነሳ እኔና ኮሳራም ተነሳን።

«ይህን ክረምት» አለ፤ ድምፁ አልጨመረም፣ ይልቁን አነሰ። «ይህን ክረምት ሙሉ የራሴን እጅ ስሰድብ ኖርኩ። ሰሌዳዬን አፈረስኩ። ‹አርጅተሃል፣ ዓይንህ ጠፍቷል› አልኩት ራሴን። ዲስክ እኮ ማስታወሻ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው የሚቀበለው። ‹ጻፍ› ስለው ‹ተኛ› ብሎ ነው የሚሰማኝ። የሰው ዘፈን ላይ ኳስ የሚቀዳ ሰው፣ ሽቦ ቢያጠላልፍ ምን ይገርማል።»

«ትክክል ነህ» አለ ኔስቶር።

«ትክክል ነህ አትበለኝ!»

«እሺ፣ ተሳስተሃል። ወደ ዲስኩ በሚሄደው ኬብልህ ላይ እነዚያኑ ሁለት ሽቦዎች አንተም አጠላልፋቸው። ሁለት ጠማማ አንድ ቀና ይወጣዋል። ሶኬቱን አትንካው።»

ጋቭራ አፍጥጦ አየው። እውነት ነበር፤ ያናደደውም እውነት መሆኑ ነው።

ማሽኑ ሳይጠፋ ነው የሚሠራው። ዲስኩን አጠፉት፣ ኬብሉን ከዲስኩ ወገን ነቀሉት። ጋቭራ መበየጃውን አጋለና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ብረት ሕያው ማሽን ላይ አይነካምና፣ በቀረው ግለት ብቻ ነው የሚበየደው። የመጀመሪያውን ሽቦ ግን ሳተው። ከርሃብ ይሁን ከንዴት አላውቅም።

«ስጠኝ» አለ ኔስቶር።

«ለአንተ?»

«ያዝልኝ እንጂ አትመነኝ። አንተ ሽቦዎቹን ያዝ። ካበላሸሁ በዚሁ ብረት ውጋኝ።»

ሁለት ሽበታም ጭንቅላቶች በአንድ ኬብል ላይ አጎነበሱ። እኔ መብራት ያዝኩላቸው። እርሳሱ ቀለጠ፣ ጢሱ ወደ ጋቭራ ዓይን ገባ፣ ጋቭራ ሰደበው፤ ኔስቶር «ዝም በል፣ ትንፋሽህ ያቀዘቅዘዋል» አለው። ኬብሉን መለሱ። ዲስኩን አበሩ። ጋቭራ አንድ ትእዛዝ መታ።

ዲስኩ መለሰ። አንዲት ፊደል ብቻ ናት ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣችው፤ ኔስቶር ግን እፎይ አለ። ጋቭራ ዘፈኗን እንዲጽፍ አዘዘው። ዲስኩ ውስጥ ጠጠር እንደሚፍቅ አይጥ ኮሽ ኮሽ አለ፣ ቆመ። ጋቭራ ሊያረጋግጥ ጣቱን ወደ ቁልፎቹ ዘረጋ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። የኩሽናው ራዲዮ ዝም አለ። መንገዱ በሙሉ ዝም አለ።

«በቃ፣ ኑ ብሉ» አለች ኮሳራ።

«አልበላም። እስካያት አልበላም።»

ያ ከሰዓት ረጅም ነበር። ሾርባው ድስቱ ውስጥ ስብ ያዘ። ጋቭራ በመስኮቱ በኩል የመብራት ሠራተኞቹን እያየ አንድ በአንድ ረገማቸው። ኔስቶር ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«ያን ቀን የተቀዳውን ጨዋታ ተሸንፈናል» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለ ጋቭራ። «ኋላ ብቻዬን ሆኜ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። ምናልባት ጫፉ ላይ ትንሽ ተርፋ እንደሆን ብዬ። በሬሳዋ ላይ ሦስት ለባዶ።»

ኔስቶር ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ማንም አላባበለውም።

መብራት ሲመለስ ፀሐይ ቤጌይ ላይ ዘንበል ብላ ነበር። ጋቭራ ቁልፎቹን ሲመታ የሁላችንንም ትንፋሽ እሰማ ነበር። ዲስኩ ኮሽ አለ። ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ፣ እንደ ጽጌረዳ እሾህ የቀጠነ፣ ከእሷ ጣት የወጣው፣ ጀመረ። አኻያዋ ቆመች፣ ቅጠሏን ታጠበች። ጋቭራ አብሮ አንጎራጎረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እሱ ዝም አለ፤ ማሽኑ ግን ቀጠለ፣ ፊደሎቹም አንድ በአንድ ወጡ።

ሳጥን ያገባ ሰው ሚስቱን የረሳ፣
ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ና ብላ ተነሳ።

ያኔ ምን እንዳሳቀን ትዝ አለኝ። አሁን ግን የሳቀ የለም።

ጋቭራ ሁለቱን ስንኞች ቴሌቪዥኑ ላይ በጣቱ ተከትሎ አነበበ። «ተቆጥታኝ ነበር» አለ። «ይሄን ሁሉ ዘመን የፍቅር ዘፈን መስሎኝ።» ከዚያ ወደ ኔስቶር ዞረ፤ ፊቱ አልፈታም። «አንተም ሰምተሃል አይደል፣ ያኔ? ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ ያወጣኝ አንድ ሰው የለም።»

«ጠራችህ እኮ» አለ ኔስቶር። «‹መጣሁ› አልካት።»

ኮሳራ ድስቱን ልታሞቅ አነሳች። ጋቭራ እጇን ያዛት።

«ተይው። እንደቀዘቀዘ ስጪኝ።»

ወንበሩን ሳበ። በእግሩ ደግሞ ሌላውን ወንበር ወደ ኔስቶር ገፋው፣ ገፋ ሳይሆን መታው። ዳቦውን ቆረሰ፣ የቃሪያውን ብልቃጥ ከፈተ፣ ተቀመጠና መብላት ጀመረ።